ጤነኛ የተባለው ብልቃጥ

የብረት ዘንጉ የተሰነዘረው ለሚስትየው ነበር፤ ያረፈው ግን በባልየው እህት ግራ ክንድ ላይ ነው። ቤተሰቡም መሥሪያ ቤቱም «እትዬ» የሚላት ይህቺ እህት የደም ምርመራ ባለሙያ ናት። በማለዳ የመጣችው የታመመውን ሕፃን ሆስፒታል ለመውሰድ ነበር፤ ጩኸት ሰምታ ዘላ መሃል ገባች። ዘግይታለች። የሚስትየው የቀኝ እጅ ጣቶች ቀድመው ተሰብረዋል፤ ከንፈሯም ተተርትሯል። የአራት ወሩ ሕፃን አልጋው ላይ በሳል ይንፈራፈራል።

«የሷ ደም ነው ልጆቼን የሚፈጀው» አለ ወንድምየው። ብየዳ ላይ የሚውል፣ ከአፉ እጁ የሚቀድም ሰው ነው። «አምና አንዱን ቀበርኩ፤ ዘንድሮ ደግሞ ይሄው። አንቺው ራስሽ አላልሽም እንዴ፣ እትዬ?»

ብላለች። አምና የመጀመሪያው ልጅ ለቅሶ ላይ፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ «በእኛ በኩል እንኳ ደማችን ጤነኛ ነው፤ በመሣሪያ አይቼዋለሁ» ብላ ነበር። ያቺ ቃል ዓመቱን ሙሉ ቡጢ ሆና ሚስትየው ላይ ስትወርድ ከረመች። እትዬ ይህን እያወቀች «ቻይው እንግዲህ» ከማለት ያለፈ ያደረገችው የለም።

ሆስፒታል እንደደረሱ የሕፃኑን፣ የእናቱንና የአባቱን ደም ቀድታ ላቦራቶሪ ገባች። የእሷ ክፍል ነጭ የደም ሴሎችን ይፈትሻል። ጀርም ሰውነት ውስጥ ሲገባ በእነዚህ ሴሎች ገላ ላይ ያሉ፣ ለዓይን የማይታዩ በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ይንጋጋል፤ ሴሉም ነቅቶ ይገድላል። በሩ ካልተከፈተ ሴሉ እጁን አጣጥፎ ያያል። መሣሪያው ይህን የሚለካው በብርሃን ነው፤ በቀለም ከተነከሩት ሴሎች ካልሲየም የገባበት ይበራል። የቀለሙ ድምቀት ከቀን ቀን ስለሚለያይ ግን የታማሚው ብርሃን ሁልጊዜ አጠገቡ ከሚቀመጠው፣ «ጤነኛ» የሚል ከተለጠፈበት ብልቃጥ ጋር ይነጻጸራል።

ለዚያ ብልቃጥ ደም የሚሰጠው የግቢው ዘበኛ ነው። አምና ግን ለወንድሜ ልጅ ሰው አላስቸግርም ብላ የራሷን ክንድ ዘርግታ ነበር። ዛሬም ልትዘረጋ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ የምትቀዳበት ግራ ክንዷ አብጦ ጠቁሯል፤ ደም ስር የሚባል አይታይበትም። እየተራገመች ዘበኛውን ጠራችው።

«በር መጠበቅማ ሥራዬ ነው» ብሎ እየቀለደ ተቀዳላት።

የዘበኛው ሴሎች ቦግ ብለው በሩ። የአባትየው የዚያ ግማሽ ሆነ፤ የእናትየውም እንዲሁ ግማሽ። የሕፃኑ ጭላንጭል ነው። ግማሽ የሚበራለት ሰው በጤና ይኖራል፤ ጉድለቱን ከሁለቱም ወገን የወረሰ ልጅ ግን በሩ አይከፈትለትም። እትዬ ቀለሙን ጠረጠረች፤ ደገመችው፤ ያው ሆነ። ጣቷን ወግታ የራሷን አስገባች። ግማሽ።

የአምናውን መዝገብ ከመደርደሪያው ጎትታ አወጣች። የመጀመሪያው ልጅ ብርሃን ከእሷው ግማሽ ብርሃን ጋር ተነጻጽሮ «ዝቅ ያለ፣ ነገር ግን የሚያሰጋ አይደለም» ተብሏል። ከሥሩ ፊርማዋ አለ። ሐኪሞቹ ያንን አምነው በሽታውን ሌላ ቦታ ሲፈልጉ ልጁ አለቀ። ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም።

ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ አልዘገየም፤ ሕፃኑ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል፣ ሁለቱም ወላጆች ይፈርሙ አለ። እትዬ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ በወረፋተኛ ተሞልቷል። ወንድሟ በአግዳሚው አንድ ጫፍ፣ ሚስቱ እጇን በፋሻ ጠምጥማ ሕፃኑን እንዳቀፈች በሌላው ጫፍ ተቀምጠዋል።

«ከሷ ነው አይደል?» አላት።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሚስትየው ግን ማታ ከዚያ ብረት ጋር ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

«መጀመሪያ ፈርም» አለችው። ፈረመ። ወረቀቱን አጥፋ ጋዋኗ ኪስ ከተተች።

«ከሷም ነው፣ ካንተም ነው። እኔም ውስጥ አለ። አምና ልጁን በራሴ ደም አነጻጽሬ ደህና ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ይተርፍ ይሆናል።»

የመጀመሪያው ቡጢ አፏ ላይ አረፈ። ወደቀች። ጥርሷ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። በጫማው ጎድኗን ሲረግጣት የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማች፤ ፀጉሯን ጨምድዶ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ሊያጋጭ ሲል ዘበኛው ደርሶ ከኋላ አነቀው። ሁለት ሰው ተጨምሮ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ጎትተው መሬት ላይ አስተኙት።

ሚስትየው ቀስ ብላ መጣች። እትዬ ወረቀቱን ዘረጋችላት። ሚስትየው ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ በግራ እጇ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደሉ እየጎበጠባት፣ ፈረመች። ከዚያ እትዬ ተደግፋ ለመነሳት እጇን ብትዘረጋላት ሚስትየው አልያዘቻትም።

«እትዬ፣ ለቅሶ ላይ ያንን ያልሽው ሰው ፊት ነው። ይኸው እዚህም ሰው አለ።»

እትዬ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። አፏን የሞላውን ደም ዋጠችው።

«ደማችን ጤነኛ አይደለም» አለች።

«ጮክ በይ» አለቻት ሚስትየው፤ «እሱ ጋ አልደረሰም።»