የጭነት መኪናው ላይ አልወጣም

ድንቅነሽ ሱዳንን አቋርጣ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት ከተማ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። በኢንዱስትሪ ቀጠናው አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቁልፍ ትተክላለች። ባሏ ገና አገር ቤት ሳሉ ሞቶባታል። ጡት የሚጠባው ልጇ ደግሞ ሱዳን መጠለያው ውስጥ፣ ሐኪም ሳያየው ነው የቀረ። አሁን ያሏት ሁለት ሴት ልጆች ናቸው፤ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላት ሙሉዬና የሰባት ዓመቷ ማዕረግ።

ማዕረግ በመጡ በስድስተኛው ወር ኩላሊቷን ታማ፣ አራት ወር ሙሉ የሕፃናት ሆስፒታል ተኝታ ድና ወጣች። ያን ሁሉ ጊዜ ድንቅነሽ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ነበረች። ቋንቋው አይገባት፣ መድኃኒቱን አታውቀው፤ እጇን አጣጥፋ ከመቀመጥ በቀር የሠራችው ነገር አልነበረም። ልጇ ከዳነች በኋላም ያ መቀመጥ ውስጥ ውስጡን ይቆጠቁጣት ነበር።

ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ የኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ፣ አስተማሪዋ፣ የከተማው ሰው ለዚያው ሆስፒታል መርጃ ዐርብ ጧት ዐሥር ኪሎ ሜትር በእግሩ ሊሄድ ነው፣ በየተጓዡ ስም ወዳጆቹ ይለግሳሉ ብላ ስትነግራቸው፣ ድንቅነሽ አላመነታችም። በማግስቱ ለፋብሪካው ሴቶች ተናገረች። ሞሮኮዎቹም ሩማንያዎቹም በስሟ ሊሰጡ ቃል ገቡላት።

ሙሉዬን አስተርጓሚ አድርጋ ልትመዘገብ ሄደች። መዝጋቢዋ ኤስቲ የምትባል፣ ፊቷ ፈገግታ የማይለየው የከተማው ሴት ነበረች። ድንቅነሽን እንዳየች ተነሥታ አቀፈቻት፤ ቁጥር ግን አልሰጠቻትም።

"እማዬ፣ አንቺ አትሄጂም ትላለች" አለች ሙሉዬ። "ከፊት የሚሄድ የጭነት መኪና አለ። አንቺና ማዕረግ እሱ ላይ ተቀምጣችሁ እጃችሁን ታወዛውዛላችሁ። ሰው ለማን እንደሚሄድ እንዲያይ ነው።"

"እግር አለኝ በያት።"

ኤስቲ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሌላ ነገር ተናገረች።

"ከኢትዮጵያ ሱዳን ድረስ የሄድሽው ይበቃሻል፣ አሁን ዕረፊ ነው የምትልሽ።"

ድንቅነሽ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሴትዮዋን ዐይን ዐይኗን አየቻት። "ያኔ የሄድኩት ግድ ሆኖብኝ ነው። አሁን ግን ማንም አላስገደደኝም። እሄዳለሁ። ልጄንም መኪና ላይ ለዕይታ አላስቀምጥም። ይህን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት።"

ሙሉዬ እየተንተባተበች ነገረቻት። ኤስቲ ፈገግታዋ ጠፋ፤ ዝርዝሩ ተዘግቷል ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች።

ወሬው ሰፈሩ ውስጥ ቀድሟት ገባ። ጎረቤታቸው አባ ወርቅነህ ደረጃው ላይ ጠብቀው ያዟት።

"ልጄ፣ ቤት የሰጡን ሰዎች ናቸው። ተቀመጡ ካሉን ብንቀመጥ ምናለበት?"

"አባ ወርቅነህ፣ እርስዎን አልቃወምም" አለች አንገቷን ደፍታ። "ግን ሲሰጡኝ ብቻ የሚያውቁኝ ከሆነ አያውቁኝም።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው አሳለፏት።

ዐርብ ጧት ማዕረግን ጎረቤት አኑራ፣ የፋብሪካ ጫማዋን አጥብቃ፣ ከሙሉዬ ጋር ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ደረሰች። ገና በጧቱ ወላፈኑ ፊት ይለበልባል። መኪናው በፊኛ አጊጦ ቆሟል፤ ሁለት ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ተቀምጠውበታል። ጎኑ ላይ ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል።

"ምን ይላል?"

"ለእነሱ እንሄዳለን።"

"ለማን?"

ሙሉዬ መሬት መሬቱን አየች። "ለእኛ።"

ድንቅነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ሰልፉ ውስጥ ገባች። ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ አስተናባሪ፣ ዮሲ የሚሉት ጎልማሳ፣ ሮጦ መጣ፤ ቁጥር የሌለው ሰው አይሰለፍም ብሎ በእጁ ወደ ዳር አመለከታት። ድንቅነሽ ወደ ዳር ወጣችና በእግረኛው መንገድ ላይ፣ ከሰልፉ እኩል፣ መሄድ ጀመረች።

"እማዬ፣ ቡሻ ነው፣ ያሳፍራል፣ ሰው እያየን ነው!"

"ይየን። ካፈርሽ ተመለሽ፤ አልቀየምሽም።"

ሙሉዬ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ሮጣ ደረሰችባት።

ፋብሪካዎቹን አልፈው ቢጫ ስንዴ ወደሞላው ማሳ ሲወጡ ጥላ የሚባል ጠፋ። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ብዙ ሰው የደከመውን ወደሚለቅመው አውቶቡስ ገባ። የድንቅነሽ ተረከዝ ተልጦ ካልሲዋ በደም ረጥቧል። ዮሲ አይቶ የአውቶቡሱን በር አሳያት። "ሎ" ብላ በዕብራይስጥ እምቢ አለችው፤ ለዚህ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

ትንሽ እንደሄዱ ኤስቲ ከኋላ ደረሰች። እሷም በእግሯ ነበር የምትሄደው፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። የድንቅነሽን የደማ ተረከዝ አየችና ከቦርሳዋ ቁጥር አውጥታ ዘረጋችላት።

ድንቅነሽ እጇን አልዘረጋችም። "ከመነሻው ጀምሮ እንደሄድኩ ትጽፋለች ወይ? ጠይቂያት።"

ሙሉዬ ጠየቀች። ኤስቲ ትንፋሿን ሰብስባ "እጽፋለሁ" አለች።

"እንግዲያው ታምጣው።"

ሙሉዬ ቁጥሩን በመርፌ ቁልፍ የእናቷ ደረት ላይ አያያዘችው። ሦስቱም የቀረውን አብረው ሄዱ።

ማብቂያው ላይ ድንቅነሽ ሣር ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። የሚነድ እግሯን እያየች፣ ከዚያ ከሆስፒታሉ ወንበር ላይ ከተነሣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ቀለል አላት። ኤስቲ ውኃ ይዛላት መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

"ለሚመጣው ዓመት ቀድሜ እመዘግብሻለሁ ትላለች" አለች ሙሉዬ።

"አይሆንም" አለች ድንቅነሽ፤ ውኃውን ጠጥታ ከጨረሰች በኋላ። "ለሚመጣው ዓመት እኔም እሷ አጠገብ ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ። የእኛን ሰዎች እኔ ነኝ የምመዘግባቸው።"

ኤስቲ ትርጉሙን ሰምታ "በአማርኛ?" ብላ ጠየቀች።

"በአማርኛ" አለች ድንቅነሽ፤ በሙሉዬ ትከሻ ተደግፋ ተነሣች።