አባቴ ያልሰሙት ስእለት

ባሌ በሕይወት ሳለ ስእለት አያስፈራኝም ነበር። ልጃችን ባስነጠሰች ቁጥር እሳላለሁ። ትኩሳቷ ከበረደላት ዓመቱን ሙሉ ስኳር አልቀምስም እላለሁ፤ ፈተናዋን ካለፈች በባዶ እግሬ እሄዳለሁ እላለሁ። እሱ የስፌት መኪናውን ፔዳል እየረገጠ፣ ዐይኑን ከጨርቁ ሳያነሳ፣ «ሰምቻለሁ፣ ፈርሷል፤ ሻይሽን ጠጪ» ይለኛል። ሚስት የተሳለችውን ባሏ በሰማበት ቀን ማፍረስ እንደሚችል በኦሪት ተጽፏል ይለኝ ነበር። እኔ ማንበብ ስለማልችል አምነዋለሁ፤ ሻዩንም ስኳር አብዝቼ እጠጣለሁ።

እሱ ከሞተ ወዲህ የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዟል። ልብስ መተኮሱን ግን እኔ ቀጥያለሁ። በዚህች ጠባብ ሱቅ ካውያ ስገፋ ኖሬ ሰውን ከኮሌታው ማወቅ ለምጃለሁ። ችኩል ሰው አንገቱ ላይ ያለውን ቁልፍ ሳይፈታ ያወልቃል፣ ክሩም ይላላል። ኩሩ ሰው የኮሌታው ውስጥ ቆሽሾ ላዩ ይነጣል። ጭንቀታም ጫፉን ያኝካል። የእኔን ኮሌታ አለማየት ይሻላል።

ልጄ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ናት። መሪ ይዛ ስልክ አታነሳም፤ በየማረፊያው ስትቆም ግን እኔ ቀድሜ ደውያለሁ።

«የት ደረስሽ?»

«ድልድዩ ጋ ነኝ፣ እማዬ።»

ሻይ የምትጠጣበት ጊዜ እንኳ ሳልሰጣት መልሼ «አሁንስ?» እላለሁ።

«አሁንም ድልድዩ ጋ ነኝ። ድልድዩም ሰላም ብሎሻል።»

ከኋላዋ ተሳፋሪው በሙሉ «ሰላም ነን እናታችን!» እያለ ይጮኻል።

አንድ ቀን ግን ዝናቡ አላባራ አለ። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል ተባለ፤ ስልኳም አልሠራ አለ። እኔ ምን ቀረኝ? ተሳልኩ። ስእለት ደግሞ ከሚወዱት ነገር ላይ ካልተቆረጠ ስእለት አይባልም። ሥጋ እተዋለሁ እንዳልል፣ ሥጋው ራሱ ከተወኝ ቆይቷል። አስቤ አስቤ፣ «ልጄን በደህና መልስልኝ እንጂ ዳግመኛ የት ደረስሽ፣ የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ብዬ አልጠይቃትም» አልኩ።

አመሻሽ ላይ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ሱቅ ገባች። ሮጬ አቀፍኳትና፣ «የት...» ብዬ ጀመርኩ፤ ስእለቴ ትዝ ሲለኝ፣ «የትም ብትሆኚ እንኳን መጣሽ!» ብዬ ጨረስኩት። ከዚያ ዞር ብዬ የስፌት መኪናውን አየሁ። ሰምቻለሁ፣ ፈርሷል የሚል የለም።

ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጄ በዕረፍት ቀኗ ሽቶ ተቀብታ መውጣት ጀመረች። አውቶቡሱ ቀድሞ ገብቶ እሷ ዘግይታ ትመጣለች። ስልክ ይዛ ጓሮ ትወጣና ትስቃለች። ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ሁሉ መጠየቅ ካቆምኩ በኋላ ተሰብስቦ መጣብኝ። ስለ ስእለቱም አልነገርኳትም፤ አልጠይቅሽም ማለት ያው መጠየቅ ነው ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን በሐሳብ ጭልጥ ብዬ የአንድ ደንበኛዬን ሸሚዝ ጀርባው ላይ የካውያ ምስል አተምኩበት። «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን እንደ ልቡ መጠየቅ በመቻሉ ቀናሁበት።

ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የጎልማሶች የንባብ ትምህርት እማራለሁ። እያንዳንዳችን ማንበብ የምንፈልገውን ከቤታችን ይዘን እንመጣለን። እኔ የባሌን መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ሄድኩና መምህሯን የስእለቱን ሕግ አውጪልኝ አልኳት። በጣቴ እየተከተልኩ፣ እያላበኝ አነበብኩ። ባሌ አልዋሸም። ባል ብቻ ሳይሆን አባትም ይችላል፤ ልጅ በአባቷ ቤት ሳለች ብትሳልና አባቷ በሰማበት ቀን ቢከለክላት ስእለቱ ይፈርሳል። ሰምቶ ዝም ካላት ግን ይጸናል። እዚያ ላይ ገጹ አለቀ።

«ጎበዝ እማማ! ለዛሬ ይብቃዎት» አለችኝ መምህሯ።

እኔም ገጹ ሲያልቅ ሕጉም ያለቀ መሰለኝ። ባል ባይኖረኝ አባት አለኝ! በማግስቱ ፍራሼን ጠቅልዬ አባቴ ቤት ገባሁ።

አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ናቸው። እስከ ዛሬም በአንድ ዐይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው ጠረጴዛቸው ላይ ይውላሉ። ግድግዳው ሁሉ ሰዓት ነው፤ ያን ሁሉ ቀጭ ቀጭ ሰው እንዴት ይችለዋል ቢባል፣ እሳቸው ጆሯቸው ከደነቆረ ቆይቷል።

«አባባ፣ ስእለት ተስያለሁ!» አልኳቸው።

«እ?»

«ስእለት! ልጄን ላልጠይቅ! ከልክያለሁ ይበሉኝ!»

«እ?»

ጆሯቸው ላይ ተደፍቼ ጮኽኩ። ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ ግድግዳውን ደበደበ። «እኔ ከልክያለሁ፣ እትዬ! ይፍረስልሽና ዝም በይ፤ የሰው ጆሮ ልቆርጥ ነው!»

አባቴ ፈገግ ብለው፣ «ሻይ አፍልተሽ ይሆን፣ ልጄ?» አሉ። በዚሁ መሃል መደርደሪያው ላይ ያለች ትንሽ ሰዓት ቀጥ አለች፤ እሳቸውም ወዲያው ቀና ብለው አነሷት። ዐይናቸው ነው የነገራቸው ብዬ አለፍኩት። በየቀኑ ጮኽኩ፤ በየቀኑ «እ?» አሉኝ።

ወደ ትምህርቱ ስመለስ መምህሯ ገጹን ገለጠችልኝ። ከላይ ጀምሮ ስለ መበለት ይናገራል። መበለትና የተፋታች ሴት ግን የተሳሉት ሁሉ ይጸናባቸዋል ይላል። ደግሜ አነበብኩት። አልተለወጠም።

«ምነው እማማ፣ ፊደሉ ከበደዎት?»

«ፊደሉስ ቀለለኝ፣ መምህሬ። የከበደኝ የተጻፈው ነው።»

አባቴ ቤት ተመልሼ ፍራሼን መጠቅለል ጀመርኩ። አባቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይሠራሉ። ለራሴ ያህል፣ በሹክሹክታ፣ «በከንቱ ነው የመጣሁት። መበለት ስእለት አፍራሽ የላትም» አልኩ።

«ቢኖራትም ኖሮ፣» አሉ አባቴ ሳይዞሩ፣ «የመጣሽ ዕለት ሰምቼ ዝም ብያለሁ። በሕጉ ጸንቷል።»

ፍራሹ ከእጄ ወደቀ። «አባባ! ይሰማሉ እንዴ?»

«ሲያስፈልግ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መድኃኒት ዋጡ ወይ፣ ሹራብ ደረቡ ወይ፣ በሩን ቆለፉ ወይ ማለት ስታበዢ ነው የደነቆርኩት። ዕረፍት ነው፣ ልጄ። ደግሞም ለደንቆሮ ሰው ሁሉ ምስጢሩን ይነግረዋል። ልጅሽም ትነግረኛለች።»

ፍራሹን ተሻግሬ ጠጋ አልኳቸው። «ምን አለችዎት? ማነው ሰውየው?»

መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው፣ «እ?» አሉ።

ለማልቀስ ደርሼ ነበር መሰለኝ፣ ማጉያውን ከዐይናቸው አወጡ። «ስለ ሰውየው አልሰማሁም። አንድ ነገር ግን ሰምቻለሁ። እማዬ ከጎርፉ ቀን ወዲህ የት ደረስሽ ብላኝ አታውቅም፣ ሰለቸኋት መሰለኝ ብላ እዚህ ወንበር ላይ አልቅሳለች።»

«እኔ? ልጄን ልሰለች? ምን ይሻለኛል፣ አባባ?»

«የተሳልሽው ላለመጠየቅ ነው። ላለመናገርም ጨምረሽ ነበር እንዴ?»

በማግስቱ ልጄ የሥራ ልብሷን ልታስተኩስ ሱቅ መጣች። ከዝናቡ ጀምሬ እስከ አባቴ ጆሮ ድረስ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። አባቷ ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ደግሞ ሳቀች።

«አባዬ ቢኖር ሰምቻለሁ፣ ፈርሷል ይልሽ ነበር» አለች ዐይኗን እየጠረገች።

«እሱ የለም። መበለት የተሳለችው ይጸናል። ራሴ አንብቤዋለሁ።»

«በይ እንግዲህ፣ ሳትጠይቂኝ ከየማረፊያው እኔ እደውልልሻለሁ» አለችና ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ዐይኖቿ ተንኮል ሞልቷቸዋል። «አንድ ሰው አለ፣ እማዬ። ማነው አትይኝም?»

ምላሴን ነከስኩ። ካውያው እንፋሎቱን ይተፋል፤ እኔም እንደዚያው።

«ሥራውስ? ቤተሰቡስ? ጠይቂኛ!»

ካውያውን አቆምኩት። ቃሌን መዘንኩ። ጥያቄ አለመሆኑን ደጋግሜ አየሁና፣ «መቼም ሸሚዝ ሳይኖረው አይቀርም» አልኩ። «አምጪልኝ፤ ልተኩስለት።»

ልጄ ሳቋን አቆመች። ኮሌታ እንደማነብ ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቃለች።

«እማዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «መጀመሪያ ላሳጥበው።»