የተለሰነው ማዕዘን

«ይቺን አውጫት» አለ አጎቷ፣ ሦስተኛውን አንቀጽ በጣቱ እየነካካ። «ሌላው ቆንጆ ነው። ይቺ ግን ለሐዘን ቤት አትሆንም።»

መምህርቷ ወረቀቱን ከእጁ አልተቀበለችም። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከሰዓት በኋላ የጉባኤው ሰዎች ለጸሎት ሲሰበሰቡ የሕይወት ታሪኩን የምታነበው እሷ ናት። አጎቷ የእናቷ ወንድም ነው፤ የጉባኤውም ሽማግሌ። ጠብ የሚባል ነገር አይወድም። በዘመኑ ካስታረቃቸው ሰዎች ግማሾቹ ለምን እንደተጣሉ እንኳ ሳይነጋገሩ ነው የታረቁት።

«ምኗን ጠሉት አጎቴ?»

«ያለፈ ነገር ነዋ። ሰውየው በሰላም ኖረ፣ በሰላም ሄደ። የሟች ገመና ተገልጦ ምን ይገኛል?»

«አባዬ ራሱ የገለጠው አይደል እንዴ?»

«ገለጠው፣ ጌታም ይቅር አለው፣ አለቀ። አሁን እናትሽ በለቀስተኛ ፊት ትሸማቀቅ?»

ግቢው ውስጥ ለቀስተኞች በውሰት ወንበሮች ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን እየጠጡ ሟቹን በዝግታ ያወድሳሉ። «ክፉ አይወጣውም ነበር።» «ከሰው ተጣልቶ አያውቅም፤ አፈሩ ይቅለለው።» ሦስት ቀን ሙሉ ይህንን ሰማች። ሰዎቹ ከልባቸው ነበር። እሷን ግን እያናደዳት መጣ፤ አባቷን አሳነሱባት። እሷ የምታውቀው ሰው ከዚህ ይበልጣል።

አባቷ ግንበኛ ነበር። የሠራው ግድግዳ ዘንበል ብሎ ስለማያውቅ ሰፈሩ የግንብ ቀጥታ በሚለካበት ክር ስም «ቱንቢው» ይለዋል። የጉባኤውን አዳራሽ የሠራው ከልጅነት ጓደኛው ከድንጋይ ጠራቢው ጋር ነው። የኋለኛው ማዕዘን መሠረት ሲቆፈር ድንጋይ ጠራቢው ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ «ገና ነው፤ ይሄ የተሞላ አፈር ነው፣ ግንብ አይሸከምም» አለው። የምረቃው ቀን ተነግሯል፤ ቱንቢው ደግሞ ቃሉን ሰጥቷል። «ይበቃል፣ ውጣ» አለው።

አዳራሹ በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት ከወለሉ እስከ መስኮቱ ስንጥቅ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ይህን ማዕዘን ማን ቆፈረው?» ሲሉ ሁሉም ወደ ድንጋይ ጠራቢው ዞረ። ቱንቢው እዚያው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ እሱ ጫማውን አየ። ድንጋይ ጠራቢው ጉባኤው እንዳይከፋፈል ብሎ ባላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ጠየቀ። አጎቷ ሁለቱን አስተቃቀፈ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ሰላም ወረደ ተባለ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ጠራቢውን ለሥራ የሚጠራው ጠፋ። ወደ አዳራሹም መምጣቱን ተወ።

ቱንቢው በየዓመቱ ጀሶውን ይዞ ይሄድና ስንጥቁን ለስኖ፣ ቀለም ቀብቶ ይመለሳል። በየዓመቱ ስንጥቁ ይመለሳል። ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጸሎት ይመራል፣ ለጥ ብሎ ይተኛል። «እንቅልፌ ነው የሚያስፈራኝ» ብሏት ነበር ኋላ ላይ። «ስድስት ዓመት አንድ ሌሊት እንኳ አልጎደለብኝም።»

ግንበኞች ስንጥቅ የሞተ ይሁን ያልሞተ የሚያውቁበት ዘዴ አላቸው። ቀጭን መስታወት በስንጥቁ ላይ አጋድመው ሁለቱን ጫፍ በጀሶ ይለጥፉታል። ከተሰበረ ግድግዳው ገና ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ቱንቢው በሰው ቤት ይህን ሳያደርግ ለስኖ አያውቅም። በዚያ ማዕዘን ላይ ግን አንድ ቀንም አልለጠፈም።

ስንጥቁ በወጣ በስድስተኛው ዓመት አንዲት አሮጊት፣ እንግዳ ስለሚመጣባቸው፣ የቤታቸውን ስንጥቅ ቶሎ እንዲለስንላቸው ጠየቁት። «እማማ፣ ቁስል ሳይጠራ ይሸፈናል እንዴ?» ብሎ ሊቆጣቸው ጀመረና የገዛ ማዕዘኑ ትዝ አለው። መሣሪያውን እዚያው ጥሎ ወደ አዳራሹ ሄደና መስታወቱን ለጠፈ። በዘጠነኛው ቀን ተሰበረ።

እሁድ በጉባኤው መካከል ተነሣ። መምህርቷ አጠገቡ ነበረች፤ ኮቱን ጎተተች። «አባዬ ተቀመጥ፣ ሰው ያየናል።» እጇን ቀስ ብሎ አላቀቀና ተናገረ። «ጉድጓዱን አውቅ ነበር። ነግሮኛል። ሲወቀስ ዝም አልኩ። ያጨበጨባችሁለት ሰላም ልስን ነው፤ የለሰንኩትም እኔ ነኝ።» ያን ቀን ያጨበጨበ የለም። ሰኞ ጠዋት ማዕዘኑን ማፍረስ ጀመረ። መዶሻው እስኪያበቃ ድረስ መምህርቷ ድምፁን ላለመስማት በሌላ መንገድ ዞራ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው።

«አጎቴ» አለች አሁን፣ «ያኔ ኮቱን ጎተትኩት። ዛሬ ይቺን ካወጣሁ ሁለተኛ መጎተቴ ነው።»

እናቷ ከበሩ ላይ ተናገረች። ለካ ቆማ ስትሰማ ነበር። «አንብቢው። እኔ የማፍረው እሱ በተናገረው አይደለም፤ ያን ሰሞን ምሳ ይዤለት ስላልሄድኩ ነው።»

አነበበች። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ደረሰች። «አባቴ ኃጢአቱን በሰው ፊት ተናዘዘ። እኔ ልጁ ግን አፍሬበት ኮቱን ጎተትኩ። ማዕዘኑን በሃያ አንድ ቀን ብቻውን አፍርሶ፣ እስከ ጠንካራው መሬት ቆፍሮ እንደገና ገነባው።» በአባቷ እንደዚያች ሰዓት ኮርታ አታውቅም፤ እንዲሰማላትም ጮክ ብላ አነበበች። አጎቷ አቀርቅሮ ሰማ። ንባቡ ሲያበቃ «አሜን» ያለው እሱ ነበር።

ከጸሎቱ በኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ጠራቢው ቀስ እያለ መጣ። ሸብቷል፤ ትከሻው ግን አሁንም ሰፊ ነው።

«ጥሩ ጽፈሻል ልጄ። አንድ ቦታ ግን ተሳስተሻል።»

«የቱ ጋ ጋሼ?»

«ብቻውን አይደለም ያፈረሰው።»

ወንበር ሳበችለት፣ ተቀመጠ።

«ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅር በለኝ ሲለኝ በሩን አልከፈትኩለትም። ማፍረስ በጀመረ በአራተኛው ቀን ግን አዳራሹ ጋ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲደክም ላየው ነው የሄድኩት። ቆሜ አየሁት። እጁ ደምቶ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ቢብስብኝ ጃኬቴን አውልቄ መዶሻ አነሣሁ። እስኪመሽ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በማግስቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ‹ገና ነው› አልኩት። ‹እሺ› አለኝ። እስኪያልቅ ድረስ ‹እሺ› ብቻ ነበር የሚለኝ።»

«ለምን አልነገረንም?»

«እኔ ነኝ አትናገር ያልኩት። ‹ከአንተ ጋር በመታረቄ ሰው አያጨብጭብ› አልኩት።»

መምህርቷ ሦስት ቀን ያልወጣላት እንባ መጣ። አልጠረገችውም። ወረቀቱን የድንጋይ ጠራቢው ጉልበት ላይ ዘርግታ «ብቻውን» የሚለውን ሰረዘችው።