ከወፎቹ ሥር

ፒሪሂራ ደሟ የፈላው ገና ጀልባዋ ከወደቡ ሳትወጣ ነበር። ወንድሟ ቱሮዋ ከአውስትራሊያ ይዞት የመጣውን ሳጥን ጭኑ ላይ ከፍቶ፣ ለዓሣ ማባበያ የተሠሩ የሚያብለጨልጩ የብረት ዓሦችን አንድ በአንድ እያነሳ ለአክስታቸው ለማኬሬ ያሳያል። ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም እንደ ጌጥ የሚያበራ።

«እኛ ዘንድ በዚህ ነው የሚጠመደው» አለ። «በአሮጌ ዕቃ የምትንገላቱት እናንተ ብቻ ናችሁ።»

«እኛ ዘንድ?» አለች ፒሪሂራ መሪውን እንደያዘች። «አንተ ዘንድ የት ነው እሱ?»

አክስት ማኬሬ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡና «ተዉ እስቲ፤ ገና ፀሐይ እንኳ አልወጣችም» አሉ።

በማግስቱ የእናታቸው የሁሪያ የመቃብር ድንጋይ ሊገለጥ ነው። ከሞተች ዓመት ሆኗታል፤ በልማዳቸው ድንጋዩ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚቆየው እስከዚያ ነው። ዘመድ አዝማድ ከየአቅጣጫው እየገባ ነው፤ ማዕዱ ላይ ታሙሬ፣ ያ ጀርባው ቀላ ያለው ዓሣ፣ ከጠፋ የሁሪያ ልጆች ስም በክፉ መነሳቱ አይቀርም። ልጆች ይባሉ እንጂ እናቷን ሁለት ዓመት ያስታመመችው ፒሪሂራ ብቻ ናት። ገላዋን ያጠበች፣ ሾርባ በማንኪያ ያጎረሰች እሷ ናት። በመጨረሻው ሰሞን ሁሪያ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር «ቱሮዋ መጣ?» ትላት ነበር። ፒሪሂራም «መንገድ ላይ ነው» እያለች ዋሸቻት። ቱሮዋ ለቀብሩ አልመጣም። ለድንጋዩ መጣ፤ ያውም ሳጥኑን ታቅፎ።

ከደሴቲቱ ጀርባ ሲደርሱ ወፎቹን አዩ። ታካፑ የሚባሉት የባሕር ወፎች ነጭ ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ጦር ውሃው ውስጥ ይሰነቀራሉ፤ ዶልፊኖቹ ሳርዲኑን ከሥር እየነዱ ወደ ላይ ያጣብቡታል፤ ባሕሩ እንደተጣደ ድስት ይንተከተካል። ፒሪሂራ ሞተሩን ራቅ ብላ አጠፋች። ቱሮዋ ግን ከባዱን ብርማ ብረት አስሮ መሀላቸው ወረወረው። ወዲያው ዘንጉ ጎበጠ። እየጮኸ ጎትቶ ሲያወጣው ካሃዋይ ነው፤ ከላይ ከላይ እየዋኘ ያገኘውን ሁሉ የሚነጥቅ ዓሣ። ቀጥሎም ካሃዋይ፤ አሁንም ካሃዋይ።

«ታሙሬው ታች ነው» አለች ፒሪሂራ ጥርሷን ነክሳ። «ከላይ እነዚህ ሳርዲኑን ሲበጣጥሱ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ጭቃው አጠገብ ሆኖ ይጠብቃል። ፍርፋሪ እንደ ጥይት አይወርድም። ቆስሎ፣ እየተገለባበጠ ነው የሚወርደው። የምታስረው ያንን የሚመስል መሆን አለበት።»

የራሷን ማባበያ አውጥታ አሳየችው። ቡናማና ብርቱካንማ የተቀባ ድብልብል የእርሳስ ብረት ነው፤ ከሥሩ ቀጫጭን የላስቲክ ጭራዎች ይንዘለዘላሉ።

ቱሮዋ ከት ብሎ ሳቀ። «ቀሚስ ለብሶ የት ሊሄድ ነው? ሠርግ ተጠርቷል?»

«እሱስ ሲጠሩት ይሄዳል።»

አክስት ማኬሬ አፋቸውን በብርድ ልብሱ ሸፈኑ። እየሳቁ ይሁን አይሁን አይታወቅም።

ፒሪሂራ ማባበያዋን ለቀቀችው። ክሩ ቀጥ ብሎ አልወረደም፤ ነፋሱ ጀልባዋን ስለሚገፋት ወደ ኋላ ተንጋደደ። መልሳ ጠቀለለችና ከበድ ያለ ቀየረች። ታች መድረስ አለበት፤ ደርሶም እንደ ድንጋይ መዘፍዘፍ የለበትም። ሁለተኛው ወለሉን ሲነካ ተሰማት። ቀስ ብላ መጠቅለል ጀመረች። ከታች አንድ ነገር ነካ ነካ አደረገው፤ እሷ ግን አልነጠቀችም። ዘንጉ ራሱ ደፋ እስኪል መጠቅለሏን ቀጠለች። ትንሽ ቆይቶ የክንድ ያህል ታሙሬ እግሯ ሥር ይንፈራገጥ ጀመር።

ቱሮዋን ቅናት ያዘው። ሳያስፈቅድ ከእሷ ዕቃ አንዱን አንስቶ ጣለ። ዓሣው ገና ሲነካለት ዘንጉን ባለ በሌለ ኃይሉ ነጠቀው፤ አመለጠው። ደግሞ ነጠቀ፤ ደግሞ አመለጠው።

«አትንጠቅ! ይዋጠው!»

«ዓሣ ማጥመድ አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ወፎቹ ፈቀቅ ማለት ሲጀምሩ ብድግ ብሎ ሞተሩን አስነሳና መሀላቸው ነዳው። ታካፑዎቹ እየተንጫጩ ተበተኑ፤ ዶልፊኖቹ ጠለቁ፤ ሲንተከተክ የነበረው ባሕር ጸጥ አለ። ፒሪሂራ እጁን ገፍታ ቁልፉን ነቀለች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነህ! ዘግይተህ ትመጣና ያገኘኸውን ሁሉ ትበትናለህ! እናትህ ስትጠራህ የት ነበርክ? ሬሳዋ ሦስት ቀን ሲለቀስበት የት ነበርክ?»

«ሥራ... አውሮፕላን...»

«አውሮፕላን በየቀኑ አለ!»

ቱሮዋ ተቀመጠ። ሳጥኑን እያየ፣ «መጥቼ ነበር» አለ።

«ምን?»

«በሁለተኛው ቀን። መኪና ተከራይቼ እስከ ለቅሶው ግቢ በር ደርሻለሁ። የሴቶቹን ለቅሶ ሰማሁ። ያንቺን ድምፅ ለየሁት። እግሬ... አልገባም አለኝ። ምን ብዬ ልግባ? አዙሬ ሄድኩ።»

ፒሪሂራ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ሩቅ ነበር፣ አልቻለም፣ ብላ ራሷን ያጽናናችበት ሁሉ ውሸት ሆነ። ከበሩ ነው የተመለሰው! ሳጥኑን ከጭኑ መንጭቃ ከጀልባዋ ውጭ አንጠለጠለችው።

«ባሕሩ ምን አደረገሽ?» አሉ አክስት ማኬሬ። «ቆሻሻ አትጣይበት። ደግሞ እውነቱን ነው። አይቼዋለሁ።»

ፒሪሂራ ዞረች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለቻቸው። «አንቺም ታውቂ ነበር? ዓመት ሙሉ?»

«ወጥቼ አየር ስቀበል መኪናው ውስጥ ሲያለቅስ አየሁት። ብነግርሽ ኖሮ ሬሳውን ትተሽ ልትደበድቢው ትወጪ ነበር። እህቴን በጠብ መካከል ልቅበራት?»

«ብወጣስ! ጎትቼም ቢሆን አስገባው ነበር! እሷ እኮ እሱን ነበር የምትጠይቀኝ!»

ቱሮዋ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከጀልባ ላይ ደግሞ በር ዘግቶ መሄድ የለም፤ ሦስቱም እዚያው ተፋጠው ቀሩ።

ፒሪሂራ ሳጥኑን ወለሉ ላይ ጣለችው። «ነገ ድንጋዩ ከመገለጡ በፊት ሰው ፊት ቆመህ ይህንኑ ለእናትህ ትነግራታለህ። ከበሩ ተመለስኩ ትላታለህ። አለዚያ እዚያ ግቢ እንዳላይህ።»

ወፎቹ ከብዙ ቆይታ በኋላ ራቅ ብለው እንደገና ተሰበሰቡ። ፒሪሂራ በዝግታ ተጠግታ ሞተሩን አጠፋችና ለቱሮዋ ባለ ጭራውን ማባበያ ጉልበቱ ላይ ወረወረችለት። ለእሱ አዝና አልነበረም፤ እንግዶቹ ብዙ ናቸው፣ የእሷ እጅ ደግሞ ሁለት ብቻ። በዚህ ጊዜ ቱሮዋ አልነጠቀም። ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል ታሙሬ ይዘው ተመለሱ።

በማግስቱ ቱሮዋ ሰው ፊት ቆመ። አልሸሸገም፤ ስለ መኪናውም፣ ስለ በሩም፣ ስለ ለቅሶውም ተናገረ። ሕዝቡ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩ። ተናጋሪ ሲጨርስ ሴቶቹ ተነስተው በዜማ ይደግፉታል፤ ማንም ካልተነሳለት ከዚያ የከፋ ውርደት የለም። ለቱሮዋ ማንም አልተነሳም። አክስት ማኬሬ ከወንበራቸው ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው።

ፒሪሂራ መሬት መሬቱን እያየች ቆየች። ይቅር አላለችውም። ይቅር የምትልበት ቀን ስለመምጣቱም አታውቅም። ሆኖም ተነሳች። እናቷ የምትወደውን ዜማ፣ ቁጣዋ ሳይበርድ፣ መጮህ እስኪመስል ከፍ አድርጋ ጀመረችው። አንዲት ሴት ከኋላዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ሌላዋ። ቱሮዋ አንገቱን ደፍቶ እያለቀሰ ቆመ። እሷ እስከ መጨረሻው ስትዘፍን አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።