ይቅዱ፣ እማማ!

ባሏን «ኢንጂነሩ» ያለችው አንድ ቀን የቲቪውን ሪሞት ባትሪ ቀይሮ «ሠራሁት» ሲል ነው። ቀልድ መሆኑ ጨርሶ አልገባውም፤ ስሙን ወደደው። እንግዲህ የሟች አባቷን አንድ ለእናቱ የቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ልገልብጥ ብሎ ሲነሳ ማን ያቆመዋል?

የፎቶ ቤቱ ሰውዬ «ክሩ አልቋል፤ ቢበዛ አንዴ ቢጫወት ነው፣ ለባለሙያ ስጡት» ብሎ ነበር። ኢንጂነሩ እቴ! ባለሙያ ከተባለማ ከእሱ ወዲያ ማን አለ? ለእናቷ ግን ይህን የነገራቸው የለም። እሳቸው የባላቸውን ድምፅ ልስማ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም ብለው ቁጭ ብለዋል።

ሳሎኑ በሽቦ ተጥለቀለቀ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ስለታየ ብቻ እንደማይቀር፣ «ካፕቸር» መደረግ እንዳለበት ኢንጂነሩ ረጅም ትምህርት ሰጠ። ሽቦው እየተላቀቀ ስላስቸገረው በሁለት እጁ ሊይዘው ሆነ። ማውሱንስ?

«እኔ ልያዘው» አለችው።

«አንቺ ታለቅሺያለሽ። እማማ ይያዙት። እማማ፣ ስክሪኑ ላይ ይቺን ቀይዋን ነው የሚጫኑት፣ ስነግርዎት ብቻ!»

«እሺ ልጄ» አሉ እናቷ፣ የሻዩን በራድ ወደ ጎን ገፋ አድርገው።

ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለና አባቷ ብቅ አሉ፤ የኮታቸውን ክሳድ እያስተካከሉ። አባቷ ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው ሚስታቸውን በቁልምጫ ጠሩና አንድ ነገር መናገር ጀመሩ።

«ይቅዱ!» ብሎ ጮኸ ኢንጂነሩ። «እማማ፣ ይቅዱ! ኧረ ይቅዱ እንጂ!»

እናቷ ደንግጠው ቀዱ። ሻይ። እንዳይፈስ ዓይናቸውን ከስኒው ሳይነቅሉ፣ ለአማች እንደሚገባ እስከ አፉ ሞልተው። እሷ ነገሩ ገብቷት ማውሱ ላይ ስትወረወር፣ ማጫወቻው ተንቋቋና የካሴቱን ክር እየጎተተ በላው። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

«ቀዱ?» አለ ኢንጂነሩ፣ ላቡን እየጠረገ።

«ቀዳሁ እንጂ። ስኳር ላድርግልህ?»

መሳቅም ማልቀስም አቃታት። በዚያች ሰዓት ባሏን ከልቧ ጠላችው። እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ሲጠራኝስ ሰምቻለሁ። ከዚያ ምን አለኝ?»

«አልሰማሁም እማዬ። እሱ እየጮኸ ነበር።»

«ምን ቸገረሽ ታዲያ» አሉ እናቷ፣ በሙሉ ልብ ስኒውን ለአማቻቸው እያቀበሉ፤ «ኢንጂነሩ አለ አይደል? ይድገመዋ።»