ጀልባዋ ስትጮህ

ሾፌሩ ሻዩን ሳይቀምሰው ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ ሲያሽከረክር ቆየና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "ትናንት ጮኸች" አላት።

ልጅቷ ወዲያው አልገባትም። የአባቷ ሐዘን ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ከጎረቤት በውሰት የመጡት ወንበሮች ሁሉ ተይዘዋል፤ ገቢው "እግዜር ያጥናችሁ" እያለ ይገባል፣ ወጪው ያንኑ ደግሞ ይወጣል። እሷም ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ራሷን ስትነቀንቅ ነው የዋለችው።

"ማን ናት የጮኸችው?"

"ጀልባዋ። አባትሽ ትጮሃለች ሲል የከረመው።" ሾፌሩ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ። "ደግሞም የትናንቱ የመጀመሪያ አይደለም። ያኔም ሰምቻለሁ። እሱ ሰማህ ወይ ሲለኝ ግን አልሰማሁም አልኩት።"

ይህን ብሎ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠው። 

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ በሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ስሙን ትተው "አዳማጩ" ይሉት ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ "ሦስተኛው ፒስተን ነው ያመመው" ይላል። ሲፈቱት እውነትም ሦስተኛው ይሆናል። ካረጀ በኋላ አንድ ባለጀልባ ቀጠረው። ጀልባዋ የመዝናኛ ናት፤ ሰሌዳ ላይ የቆሙ ሰዎችን በገመድ እየጎተተች ማዕበሏ ላይ ታንሸራትታለች። በዚህ ሥራ ሾፌሩ ይነዳል፣ ሌላው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚጎተተውን ሰው በዓይኑ ይጠብቃል። እሑድ እሑድ ጠባቂው አባቷ ነበር።

ከአምስት ሳምንት በፊት ሐይቁ መሃል ላይ እጁን አንስቶ አስቆመ። አላርም ሰማሁ አለ፤ አጭር፣ ሁለት ጊዜ። ዳሽቦርዱን ቢያዩት ጌጁ ሁሉ ደህና ነው፤ ዘይቱም፣ ሙቀቱም። ሙዚቃው እስከ ጥግ ተከፍቶ ስለነበር ከተሳፋሪዎቹ የሰማ አልነበረም። ሾፌሩም አልሰማሁም አለ። በሳምንቱ ደገመች፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ሠለሰች። አባቷ ከሥራ ሰዓት ውጪ ጀልባዋን ማቆሚያው ላይ እያሰረ ለሁለት ሳምንት ሲፈትሻት ከረመ። አንድም ቀን አልጮኸችለትም። በመጨረሻ ባለጀልባው ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ ጆሮህ ደክሟል መሰለኝ፣ በቃ ቤትህ ገብተህ እረፍ አለው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚለው ሌላ ነገር አጥቶ ነው።

ሾፌሩ ለምን እንደዋሸ ሳይጠየቅ ነገራት። የሥራ ወቅት ነበር። አላርም አለ ከተባለ ጀልባዋ ትቆማለች፤ እሷ ከቆመች እሱም ሦስት ልጆቹን ይዞ መቆሙ ነው። አዳማጩ እንደሆነ የሚሳነው ነገር የለም፣ እኔ ባልመሰክርለትም ያገኘዋል ብሎ ነበር። ሽማግሌውን ከሥራ ያስወጡታል ብሎ አላሰበም።

ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት። እሷም የምትደብቀው ነበራት። በሌላ ከተማ ሊፍት ትጠግናለች፤ አባቷ ከመሞቱ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ ሲደውልላት የቆመ ሊፍት ጣሪያ ላይ ነበረች፣ ከታች ሰዎች ያጉረመርማሉ። ምን እንደሚያስጮሃት ጠፋኝ፣ የሽቦ ነገር ከእኔ አንቺ ትሻያለሽ አላት። እሷም ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ "አባዬ፣ ዕድሜህ ነው። እነሱ ካልሰሙት የለም ማለት ነው" አለችው። እሱም፣ "እሺ የኔ ልጅ፣ ሥራሽን አላስፈታሽ" ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማችውም። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ፤ ምሳ በልቶ ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳለ።

ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሳች። የት እንደምትሄድ ስትናገር አክስቷ ነጠቅ አድርጋ፣ ሰው እያለቀሰላት እሷ ጀልባ ልታይ ትሂድ እንዴ ስትል አጠገቧ ላሉት አንሾካሾከች። እናቷ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ትሂድ" አለች። "እሱም ቁጭ ብሎ ማልቀስ አያውቅበትም ነበር።"

ባለጀልባው ማቆሚያው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኙት። ጥቁር ልብሷን ሲያይ ብድግ አለና፣ ይህ የሥራ ቀን አይደለም፣ ወደ እናትሽ ተመለሺ አላት። አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ አለችው። ሾፌሩን አየው፣ ሾፌሩ አቀረቀረ፤ ያን ጊዜ ምን እንደሆነ የገባው መሰለና ቁልፉን ሰጣት።

የአባቷ የዕቃ ሳጥን ከኋላው መቀመጫ ሥር እንዳለ ነው። ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ተሰክቶ አገኘች። ዘይት፣ ደህና። ሙቀት፣ ደህና። ሴንሰር፣ ተቀየረ። ባትሪ፣ ደህና። ከእያንዳንዱ ጎን ራይት አድርጎበታል። የመጨረሻው መስመር "ልጄን መጠየቅ" ይላል። ከእሱም ጎን ራይት አለ።

ወረቀቱን ይዛ ለትንሽ ጊዜ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሁለቱ ወንዶች ወደ ሐይቁ ዞሩላት።

ስትነሳ ሾፌሩን መጠየቅ ጀመረች፤ በጮኸችባቸው ቀናት ስንት ሰው ነበር፣ ማን የት ተቀምጦ ነበር፣ ወደየት ስትዞር ነበር። እሱም እያሰበ መለሰላት። ፍጥነቱም የተሳፋሪው ቁጥርም ይለያያል። አንድ ነገር ብቻ ይመሳሰላል፤ ሁልጊዜ ትልቅ ማዕበል የጠየቁ ደንበኞች ነበሩ፤ ለእነሱ ሲባል ጀልባዋን ወደ ግራ የሚያዘነብለው የውሃ ከረጢት ተሞልቶ ነበር።

"አባዬ ሲፈትሻት ከረጢቱ ሙሉ ነበር?"

"ባዶ ነበር" አለ ባለጀልባው። "እዚህ ታስራ ማን ይሞላዋል?"

ሞተሩን አስነሱና ፓምፑን ከፈቱት። ከረጢቱ መቀመጫው ሥር እያበጠ ሲሄድ ሦስቱም ጠበቁ። ሞላ። ምንም የለም። ሾፌሩ ወፍራም ነው፤ ግራው መቀመጫ ላይ ሄዶ እንዲቀመጥበት ነገረችው። እንደተቀመጠ ጀልባዋ ጮኸች። ሲነሳ ዝም አለች፣ ሲቀመጥ ጮኸች። ባለጀልባው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘው።

ሾፌሩ እንደተቀመጠ የዘይቱን ሴንሰር ሽቦ ሞተሩ ላይ ነቀለችው፤ ጩኸቱ አልቆመም። የሙቀቱንም ነቀለች፤ አሁንም አልቆመም። ስለዚህ ጣጣው ሴንሰሮቹ ዘንድ ሳይሆን በሽቦው መንገድ ላይ ነው። ሞተሩን አስጠፍታ፣ ከረጢቱን አስጎድላ፣ በደረቷ ተኝታ መቀመጫው ሥር ገባች። ሽቦዎቹን በጣቶቿ እየዳበሰች ከሞተሩ ወደ ዳሽቦርዱ ሄደች። ከከረጢቱ ጀርባ፣ ዓይን በማይደርስበት፣ አገኘችው። የሞላ ከረጢት የሽቦዎቹን እስር ከአንድ የብረት ጠርዝ ጋር ያጣብቀዋል። የዘይቱ ሽቦ ልባሱ ተልጦ፣ ብረቱን በነካ ቁጥር ያለ ነገሩ ያስጮሃል። ከጎኑ የሚያልፈው የባትሪው ወፍራም ገመድም ልባሱ ሳስቶ መዳቡ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ቤንዚን ታንከሩ ደግሞ እዚያው ነው፣ ክንድ አይርቅም።

ይህን ስትነግራቸው ሾፌሩ መቀመጫው ላይ እንዳለ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ገመዶቹ እስኪቀየሩ ጀልባዋ ንቅንቅ እንዳትል አለች፤ የባትሪውንም ገመድ ነቅላ ጫፉን በናስትሮ ጠቀለለችው።

ሐዘን ቤቱ ሲመለሱ ባለጀልባው የቀረበለትን ወንበር አልተቀበለም። ሳሎኑ መሃል ቆመና፣ "አዳማጩ ልክ ነበር" አለ። "የደከመው የእኔ ጆሮ ነው። ሰው ሊሞትበት ነበር ጀልባዬ ላይ።" ሾፌሩም ድምፁ እየተቆራረጠ የራሱን ተናገረ። ማንም አልወቀሰውም። አክስቲቱ ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችለት።

ልጅቷ የስልኩን ነገር እዚያ ልትናገረው አልቻለችም። እናቷን ተከትላ ወደ ጓዳ ገባችና፣ ቆማ፣ ሳታሳጥር ሁሉንም ነገረቻት።

"አውቃለሁ" አለች እናቷ። "ነግሮኛል። ሥራ በዝቶባታል፣ በኋላ ትደውላለች አለኝ።"

"አልደወልኩም፣ እማዬ።"

እናቷ ሳህን አወረደች፣ ለብ ያለ ውሃ ጨመረችበት፣ የልጇን እጆች ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻቸው። ግራሶው እስከ አንጓዋ ወጥቷል። እናቷ መጀመሪያ ጥቂት የምግብ ዘይት አፈሰሰችበትና በአውራ ጣቷ ክብ ክብ እያደረገች አሸችው፤ ቀጥላ የልብስ ሳሙና፤ ከዚያ በክብሪት እንጨት የጥፍሮቿን ሥር አንድ በአንድ ጠረገች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፤ ማየት አላስፈለጋትም፣ የባሏን እጅ ዕድሜ ልኳን እንዲህ ስታጥብ ኖራለች። ውሃው ጠቆረ። ደፋችውና ሌላ ቀዳች፤ እሱም ሳይጠቁር ቀረ። እጆቹ ጠርተዋል። እናቷ ግን አልለቀቀቻቸውም፤ እንደገና ሳሙናውን አነሳችና ከአውራ ጣት ጀመረች።