ከታች የሚሰማ፣ ከላይ የሚታይ

ዓምደሚካኤልና ልሳነወርቅ ወደ ትርዒቱ የሚሄዱት በአንድ መኪና ነው፤ በሩን ሲያልፉ ግን ይለያያሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ልሳነወርቅ የናስ መለከቶቹ ድምፅ ፊቱ ላይ እንዲፈነዳ የታችኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ዓምደሚካኤል ደግሞ ጉልበቱን እያሻሸ እስከ መጨረሻው ደረጃ ይወጣና ጀርባውን ለብረት አጥሩ ይሰጣል። ሲያልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ይገናኛሉ። የልሳነወርቅ ታክሲ የኋላ ኮፈን ይከፈታል፣ ለስላሳ ይወጣል፣ ጭቅጭቁም ይጀመራል።

ድራም ኮር የሚባለውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው። ናስና ከበሮ የያዙ፣ ባንዲራ የሚወረውሩ ጓደኞቻቸውን ያስከተሉ ወጣቶች ኳስ ሜዳ ላይ እየተራመዱ ይጫወታሉ። ሰመሩን፣ የፈረንጆቹን በጋ፣ በሙሉ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይወዳደራሉ፤ የሚያድሩትም በየትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ነው። ሁለት ሐበሻ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው ቢባል፣ ታክሲ ነው ያገናኘው። ልሳነወርቅ ከናሽናል ኤርፖርት የጫነውን ደንበኛ አሌክሳንድሪያ አጠገብ ካለ ሜዳ አድርሶ ሊመለስ ሲል ድምፁን ሰማ። ሥራውን ትቶ እዚያው ቀረ። በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖረው ጓደኛው ደውሎ፣ «አንድ ነገር ሰምቻለሁ፤ ብነግርህ አይገባህም» አለው። ዓምደሚካኤል «አይገባህም» ከተባለ እንቅልፍ የሌለው ሰው ነው፤ በሳምንቱ አብሮት ሄደ።

ሁለቱም ወደዱት፤ የወደዱት ግን አንድ ነገር አልነበረም። ልሳነወርቅ «እየሮጠ የሚነፋ ሰው ትንፋሹን ለእግሩ ይሰጣል እንጂ ለመለከቱ አይሰጥም» ይላል። «ቁመው ወደ ሰው ዞረው ይንፉ! ናስ ደረትህን ካልመታው ምኑን ናስ ሆነ?» አርሊንግተን አንድ ቢሮ ውስጥ የሕንፃ ፕላን ሲስል የሚውለው ዓምደሚካኤል ግን ከላይ ሆኖ የሚያየው ሌላ ነው። የታጠፈ መስመር ቀስ ብሎ ሲቃና፣ ሁለት ረድፍ ሳይነካካ ሲተላለፍ፣ ሙዚቃው በሚከፈትበት ቅጽበት ሜዳውም አብሮ ሲከፈት ያያል። ድምፅ በካሴትም ይሰማል ባይ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ግን ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። «አንተ እኮ የምትመጣው ጆሮህን ብቻ ይዘህ ነው» አለ ዓምደሚካኤል። «ዓይንህን ታክሲው ውስጥ ረስተኸው ትወርዳለህ!» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የዓምደሚካኤል ራስ ደግሞ ከተመለጠ ቆይቷል። ልሳነወርቅ የእጁን የለስላሳ ቆርቆሮ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ኮፈኑን ዘጋ፣ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ቃል ሳይተነፍስ አደረሰው። ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ክረምቱ አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ አልተደዋወሉም።

በግንቦት የደወለችው የልሳነወርቅ ልጅ ሔራን ነበረች።

«ጋሼ ዓምዴ፣ ድራም ኮር ገባሁ! ሜሎፎን የሚባለው መለከት ላይን ውስጥ ስፖት ሰጡኝ። አባዬ ግን ኖ አለ።»

«ምን ብሎ?»

«ኖ ብቻ። ዋይ ስለው ተነስቶ ይወጣል። ኤይቲን የሚሞላኝ ኦገስት ላይ ነው፤ እሱ ሳይን ካላደረገ አልሄድም። እስከ ሰንደይ ነው ያለኝ። አባዬ እማዬን ሲያገባ ሽማግሌ ነው የላከው፣ አይደል? ለእኔም ሽማግሌ ይሁኑልኝ። ፕሊስ።»

ዓምደሚካኤል ሳቀ፤ ስልኩን ሲዘጋ ግን ሳቁ አብሮት አልቆየም። ይህች ልጅ በስምንት ዓመቷ ጭኑ ላይ ተቀምጣ በአፏ መለከት ትነፋ የነበረች ናት። እሱ ልጅ የለውም። እምቢ ሊላት አልቻለም።

ሽምግልና ያለ ሽበት አይሆንምና ሁለቱም የሚያከብሯቸውን አዛውንት ጋሽ ኪዳንን ይዞ ሄደ። ጋሽ ኪዳን ስለ ድራም ኮር የሚያውቁት ነገር የለም፤ ሽምግልና ግን ያውቃሉ። ቤልትዌይ በሚባለው የቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ቆሞ ሲንፏቀቅ ዓምደሚካኤል ጉዳዩን ሁለት ጊዜ አስረዳቸው። እሳቸውም ሁለት ጊዜ «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉና ከዘራቸውን አቅፈው አሸለቡ።

አሌክሳንድሪያ፣ ልሳነወርቅ ቤት ሲደርሱ በሩን የከፈተችላቸው የሔራን እናት የወይንሐረግ ናት። ልሳነወርቅ ዓምደሚካኤልን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ቢሆንም ለጋሽ ኪዳን ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አንቀመጥም!» አሉ ጋሽ ኪዳን፣ ከዘራቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም። ልጃችሁን ልንለምን መጥተናል።»

የወይንሐረግ ደረቷን ያዘች። «የኔን ልጅ? ገና ሃይስኩል ያልጨረሰችውን? ለማን?»

ጋሽ ኪዳን እዚህ ላይ ተደናገሩ። ወደ ዓምደሚካኤል ዞረው በሹክሹክታ፣ «ለማን ነበር ያልከኝ?» አሉት።

«ለባንድ» አለ ዓምደሚካኤል።

የወይንሐረግ ሶፋው ላይ ተዘረጋች። ከደረጃው ላይ የሔራን የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ልሳነወርቅ ብቻ አልሳቀም።

«መልሴን ነግሬያታለሁ» አለ። «አውቶቡስ ላይ ውላ ወለል ላይ የምታድር ልጅ የለችኝም።»

ዓምደሚካኤል በለሰለሰ ቃል ሊለምን ነበር የመጣው፤ መንገድ ላይም አጥንቶት ነበር። የዘጠኝ ዓመት ነገር ግን ቀደመው። «የሰው ልጅ ሲነፋልህ ታጨበጭባለህ» አለ። «ያንተዋ ልንፋ ስትል ወለሉ ቆረቆረህ?»

«አንተ ስለ ልጅ ምን ታውቃለህ? አንተ የምታውቀው መስመር ነው!»

«መስመሩን የሚሠሩት ልጆች ናቸው!»

«ቆመው ቢነፉ ኖሮ...»

ይኸው ነው፤ ሽምግልናው ቀረና የፓርኪንጉ ጭቅጭቅ ሳሎን ገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ዓምደሚካኤል ክርክሩን ሊረታ ሲል ልጅቷን ረሳት። ሳያውቀውም ልሳነወርቅ ጎን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጣቱን ይወዘውዛል። ለመቆም የመጣ ሽማግሌ ሲቀመጥ ያዩት ጋሽ ኪዳን በዓይናቸው ገረፉት፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

ሔራን ወርዳ በመካከላቸው አለፈችና የቪዲዮ ካሴት አስገባች። «ጃስት ዋች» አለች። «ቦዝ ኦፍ ዩ።»

ያለፈው ዓመት ትርዒት ነበር፤ ያጣላቸው ራሱ። ከከፍታ የተቀረጸ ነውና ሜዳው በሙሉ ይታያል። ሙዚቃው ከአንድ መለከት ተነስቶ ቀስ እያለ አደገ። ዓምደሚካኤል የሚመጣውን በልቡ ያውቀዋል። አሁን ሁለቱ ረድፎች ይተላለፋሉ፣ አሁን ናሱ ይከፈታል፣ አሁን ክቡ ይፈታል። ናሱ ሲከፈት ደስታው አሸንፎት «አየህ?» ሊል ወደ ጓደኛው ዞረ።

የልሳነወርቅ ዓይን ተጨፍኗል።

ሙዚቃ ጥሞት የጨፈነ ሰው አይመስልም። መርፌ ሲወጋ ፊቱን እንደሚያዞር ሰው ሽፋሽፍቱን አጥብቆ ነው የጨፈነው። ዓምደሚካኤል ያን ሁሉ ዓመት ከላይ ተቀምጦ፣ ታች ያለው ወዳጁ ትርዒቱን አንድም ቀን አለማየቱን አላወቀም። «ዓይንህን ታክሲው ውስጥ ረስተኸዋል» ያለው ትዝ ሲለው አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ሔራን፣ አቁሚው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልሳኔ፣ ለምንድን ነው የምትጨፍነው?»

ልሳነወርቅ ዓይኑን ገለጠ። የቆመውን ምስል አየና ወደ መስኮቱ ዞረ። የወይንሐረግ ታውቅ ኖሯል፤ እጁን ያዘችው።

«እህቴ ስሂን» አለ። «ተማሪዎቹን ለዘመቻ ሲሸኟቸው የማርሽ ባንድ ነበረ። ናሱን ብትሰማው! እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እነሱ ካኪ ለብሰው፣ ቆብ አድርገው በሰልፍ ያልፋሉ። ላያት ብዬ በጧት ነው የሄድኩት። ፈለግኳት፣ ፈለግኳት። ሁሉም አንድ ናቸው። አንድ እርምጃ፣ አንድ ልብስ፣ አንድ ፊት። የገዛ እህቴን መለየት አቃተኝ፤ ዓምዴ፣ እህቴን! አልፋ ሄደች። በዚያው ቀረች። ድምፁን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ ምን ላድርግ። ሰልፉን ግን አላየውም። አንተ ከላይ ሆነህ የምትወደው እኮ ያንኑ ነው፣ ሁሉም አንድ መምሰላቸውን። አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል? መስመሩ ገጥሞ ይቀጥላል።»

ዓምደሚካኤል እውነትም ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ አንድም ቀን ፊት ፈልጎ አያውቅም።

የመለሰችው ሔራን ናት። አክስቷን የምታውቃት ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ ብቻ ነው። አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«አባዬ፣ መስመሩ አይገጥምም» አለች። «እያንዳንዱ ሰው ሜዳው ላይ የራሱ ቦታ አለው። ሌላ ሰው አይገባበትም። አንድ ሰው ቢታመም ክሎዝ አናደርገውም፤ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ከኛ ጋር ይሄዳል። ኤቭሪባዲ ያየዋል።»

«ይታያል?»

«ከላይ ላለ ሰው ይታያል።»

ልሳነወርቅ ወደ ዓምደሚካኤል ዞረ። «እውነቷን ነው?»

ዓምደሚካኤል በየዓመቱ ከፓርኪንጉ ክርክር አንዱ ይህ እንደነበር ትዝ አለው። ንድፉ እንዲህ አምሮ ቀዳዳ ይተዉበታል እያለ ያማርር ነበር። «እውነቷን ነው» አለ። «እኔ እንደ ስህተት ነበር የምቆጥረው።»

ልሳነወርቅ ተነስቶ ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ጎትቶ አመጣና ጋሽ ኪዳን ኋላ አስቀመጠው።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ኪዳን።»

«ፈቅደህ ነው?»

«ፈቅጄ ነው።»

ጋሽ ኪዳን በረጅሙ ተንፍሰው ተቀመጡ። «ጉልበቴን ጨርሳችሁት ነበር» አሉ። ሔራን አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ የወይንሐረግም ከምርቃት በፊት የሚቀመስ ነገር ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ሐምሌ ላይ የሔራን ቡድን እዚያው አሌክሳንድሪያ አጠገብ ተጫወተ። ዓምደሚካኤል በሩን አልፎ እንደልማዱ ወደ ላይ ሲያቀና ከኋላው የሚያለከልክ ሰው ሰማ። ልሳነወርቅ ነው። ጎን ለጎን ወጡ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ልጆቹ ሜዳ ሲገቡ ልሳነወርቅ የፊቱን ወንበር ጨበጠ። ቆቡ ግንባራቸውን ሸፍኖታል፤ ሁሉም አንድ ናቸው።

«የታለች?»

«ከትልልቆቹ ናሶች በስተግራ፣ ከጫፍ ሦስተኛዋ። እሷው ናት የነገረችኝ። ዓይንህን አትንቀል።»

አልነቀለም። ዓምደሚካኤል ሜዳውን ትቶ እሱን ነበር የሚያየው፤ ዓይኑ ይርገበገባል፣ ግን አይከደንም። ከዚያ ሙዚቃው ቀዘቀዘ፣ መስመሩ እንደ ማጭድ ታጠፈ፣ በማጭዱ መካከል አንድ ባዶ ቦታ ታየ። ልሳነወርቅ የዓምደሚካኤልን ክንድ ጨመደደው።

«እሷ ናት? ዓምዴ፣ እሷ ናት የጎደለችው?»

ዓምደሚካኤል ከጫፍ ጀምሮ ቆጠረ። «አይደለችም። ሔራን ከጎኗ ናት። አየሃት? ከባዶው በስተቀኝ።»

ሙቀቱ አንዷን ጥሏት ነበር። ማጭዱ ተቃና፣ ሰፋ፣ እንደገና ጠበበ፤ ባዶው ቦታም አብሮ ዞረ፣ አብሮ ሰፋ፣ አብሮ ጠበበ። በአንድ ጎኑ ሔራን፣ በሌላው አንድ ረጅም ልጅ፣ የአንድ ሰው ያህል ቦታ መካከላቸው አድርገው እየነፉ ይራመዳሉ። ማንም አልገባበትም። ልሳነወርቅ ብድግ ብሎ ቆመ። እንባው ይወርዳል፤ አልጠረገውም፣ እንዳይጋርደው ዓይኑን ብቻ ያርገበግባል።

«ጠበቁላት» አለ። «ቦታዋን ጠበቁላት።»

ሲያልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ወዳሉት አውቶቡሶች አብረው ወረዱ።

«ናሱ ከላይ ሲሰማ ቀጭን ነው» አለ ልሳነወርቅ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ታዲያ ውረዳ! ማን ያዘህ?»

ሔራን በላብ ረጥባ እየሮጠች መጣች። አባቷ አቀፋት፣ ሳማት፣ አገላብጦ አያት። ቀጥሎ ያላት ግን፣ «ያቺ የጎደለችው ልጅ የት ናት?» ነው።

ሔራን ወደ አውቶቡሱ ጠቆመችው። አንዲት ጠቃጠቆ ያለባት ፈረንጅ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ እርጥብ ፎጣ፣ እጇ ላይ ውኃ አለ። ልሳነወርቅ ሄዶ ፊት ለፊቷ ቆመና ፊቷን አጥንቶ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ ተሻለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ደህና ነኝ» አለችው። «ነገ እመለሳለሁ። ቦታዬ አለ።»